በዋሻ ውስጥ ስለሚሸሸግ ሣጥን

የሰው ልጅ የሚወደውን ዕቃ ከሚፈራው ጠላት ለማዳን ሲፈልግ ከጥንት ጀምሮ ሁለት መሸሸጊያዎች ነበሩት፤ አንደኛው የታመነ ወዳጅ ቤት፣ ሁለተኛው ዋሻ ነው። ወዳጅ ይሞታል፣ ወይም ልቡ ይለወጣል፤ ዋሻ ግን አይናገርም። ይሁን እንጂ የዋሻ አለመናገር ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጕዳትም አለበት፤ የሸሸገው ሰው ቦታውን ለማንም ሳይገልጽ የሞተ እንደ ሆነ፣ ዕቃው ከጠላት ብቻ ሳይሆን ከወዳጅም ተሰውሮ ይቀራል። እኛ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች ይህን ነገር ከመዝገብ ቤት በደንብ እናውቀዋለን። ፋይሉ በመደርደሪያው ላይ አለ፤ ወረቀቱም አልተበላም፤ ነገር ግን ቍጥሩ የተሳሳተ እንደ ሆነ ባለጉዳዩ ዓመት ሙሉ ቢመላለስ "የለም" ከመባል በቀር ሌላ መልስ አያገኝም።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ትንሽ ነገር ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወጣት የሥራ ጓደኛችን በምሳ ሰዓት ስልኩን ከፍቶ የዓለምን ካርታ አሳየን። በካርታው ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ የበዙ ምልክቶች ይታዩ ነበር።

"ጋሼ፣ እያንዳንዱ ምልክት የተሸሸገ ሣጥን ነው፤ አንዳንዱም በዋሻ ውስጥ ነው" አለን።

"ወርቅ አለበት?" ብለን ብንጠይቀው ሥቆ፣ "የለም ጋሼ፤ ደብተርና እርሳስ ነው ያለበት" ብሎ መለሰልን።

ለደብተርና ለእርሳስ ሲባል ሰው በወገቡ ገመድ ታጥቆ ወደ ምድር ሆድ መውረዱ አስገረመንና ነገሩን እንመረምር ዘንድ ጀመርን። የመረመርነውንም ለአንባቢዎቻችን እነሆ እናቀርባለን። በውጭ አገር የተደረገውን ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር፣ በአገራችን የተደረገውን ግን በአገራችን አቈጣጠር ጽፈነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አንድ ጥንታዊ ዝርዝር እንናገር። በማርች 1952 ዓ.ም.፣ በሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን በሚባለው ስፍራ ዋሻዎቹን ይመረምሩ የነበሩ ሊቃውንት፣ ሦስተኛ ብለው ቍጥር በሰጡት ዋሻ ውስጥ ሁለት የመዳብ ጥቅሎች አገኙ። ሌሎቹ የቁምራን ጽሑፎች በብራናና በፓፒረስ የተጻፉ ሲሆኑ፣ ይህኛው ግን በስስ መዳብ ላይ ተቀርጾ የተጻፈ ነበር። መዳቡ ከዘመን ብዛት የተነሣ ዝጎና ተሰባሪ ሆኖ ስለ ነበር ሊዘረጋ አልተቻለም። በመጨረሻ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ማንችስተር ከተማ ተወስዶ፣ በ1955 እና በ1956 በቀጭን መጋዝ ወደ 23 ቍራጭ ተሰንጥቆ ተነበበ። የተነበበውም ጸሎት ወይም ትንቢት አልነበረም፤ በ64 ያህል ስፍራዎች የተቀበረ የወርቅና የብር ዝርዝር ነበር እንጂ። ከደረጃው በታች፣ ከውኃ ጕድጓዱ ውስጥ፣ ከመቃብሩ አጠገብ እያለ፣ ስንት ክንድ መቈፈር እንደሚገባና ስንት መክሊት እንደሚገኝ ይናገራል።

በ1960 ገደማ ጆን አሌግሮ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ይህንኑ ዝርዝር ይዞ ወደ ስፍራው ሄዶ አስቈፈረ፤ ነገር ግን ከተነገረው ወርቅና ብር አንዳችም አላገኘም። ሀብቱ እውነተኛ ነበር ወይስ ተረት ነበር በሚለው ነገር ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለእኛ የሚታየን ግን ሌላ ነገር ነው። ዝርዝሩን ለጻፈው ሰው "ደረጃው" ሲል የትኛው ደረጃ እንደ ሆነ ግልጽ ነበር፤ ከ1,900 ዓመታት ያህል በኋላ ለመጣው ሰው ግን ደረጃውም ፈርሷል፣ የቦታውም ስም ተረስቷል። ይልቁንም እጅግ ያስደነቀን የዝርዝሩ መጨረሻ ነው። በመጨረሻው ቍጥር የተመለከተው ወርቅ አይደለም፤ የዚሁ ዝርዝር ሁለተኛ ቅጅ፣ ማብራሪያውና ልኩ የተጨመረበት፣ በሌላ ጕድጓድ ተቀብሮ እንደሚገኝ ይናገራል። የተሟላውን አድራሻ ራሱን ሸሸጉት ማለት ነው! በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ሳይሥቅ አይቀርም።

በነገራችን ላይ ከነዚሁ የቁምራን ዋሻዎች የመጽሐፈ ሄኖክ የአራማይክ ቍርጥራጭና የመጽሐፈ ኩፋሌ የዕብራይስጥ ቍርጥራጭ ተገኝቷል፤ ሁለቱም መጻሕፍት ሙሉ ሆነው እስከ ዘመናችን የደረሱት ግን በግዕዝ ብቻ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ታላቅ ታሪክ ስለ ሆነ ለሌላ ጊዜ ትተነው ወደ ሣጥናችን እንመለስ።

ዕቃን ሸሽጎ አድራሻውን ለማያውቁት ሰው ሁሉ መስጠት፣ ያውም ለጨዋታ ብቻ፣ ከቅርብ ዘመን ወዲህ የመጣ ነገር ነው። በ1854 በእንግሊዝ አገር ዳርትሙር በሚባለው ረግረጋማ ከፍተኛ አገር፣ ጄምስ ፔሮት የተባለ የቻግፎርድ መንደር መንገድ መሪ፣ ክራንሚር ፑል በሚባል ሩቅና ጭር ያለ ስፍራ አንድ ጠርሙስ አኖረ። ያንን አስቸጋሪ መንገድ በእግሩ ተጕዞ የደረሰ ሰው ሁሉ ስሙ የተጻፈበትን ካርድ በጠርሙሱ ውስጥ እንዲተው ነበር አሳቡ። በኋላ ሌሎች ሰዎች እርሱን አይተው ሣጥኖችን በየድንጋዩ ሥር አኖሩ፤ ማኅተምና የጐብኚዎች መዝገብም ተጨመረ። ፔሮት ያኖረው ጠርሙስ ግን ምንም የሩቅ ቢሆን ከፀሐይ በታች ነበር። ከምድር በታች የሚሸሸገው ሣጥን እስኪመጣ ድረስ አንድ መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት፤ ለእርሱም መንገድ የከፈተው፣ የሚያስደንቅ ሆኖ፣ ከሰማይ የመጣ ነገር ነው።

የአሜሪካ መከላከያ ሠራዊት ቦታን ለማወቅ እንዲረዱት 24 ሰው ሠራሽ ጨረቃዎችን፣ ማለት ሳተላይቶችን፣ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ እንዲዞሩ አሰናዳ። ይህ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት ትክክለኛውን ሰዓት ሳያቋርጥ ያውጃል፤ በእጅ የሚያዘው ትንሽ መሣሪያም አዋጁ ከየሳተላይቱ እስኪደርሰው የፈጀውን ጊዜ አስልቶ፣ ከአራቱ በተቀበለው መሠረት የቆመበትን ስፍራ በቍጥር ያስታውቃል። ነገር ግን ጠላት እንዳይጠቀምበት በመፍራት፣ ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት ሆን ተብሎ እስከ 100 ሜትር ያህል እንዲሳሳት ይደረግ ነበር። በሜይ 1 ቀን 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህ ስሕተት እንዲቀር መወሰኑን አስታወቁ፤ በዚያችው ሌሊትም ቀረ። ከዚህ በኋላ ማንኛውም ሰው አንድን ዛፍ ወይም አንድን ድንጋይ ከ10 እስከ 20 ሜትር በሆነ ልክ ሊያመለክት ቻለ።

ሁለት ቀን አልቈየም፤ በሜይ 3 ቀን ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው፣ በኦሪገን ግዛት ከፖርትላንድ ከተማ አጠገብ ቢቨርክሪክ በሚባል ስፍራ፣ አንድ ጥቍር ባልዲ ከዱር ዳር ደበቀና ቍጥሩን ለሕዝብ ገለጸ። በባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ጥቂት ገንዘብ፣ የላስቲክ ወንጭፍና አንድ የባቄላ ቆርቆሮ ሳይቀር ነበረበት። ያገኘው ሰው የወደደውን ወስዶ በምትኩ ሌላ ዕቃ እንዲተው፣ በመዝገቡም ላይ ስሙን እንዲጽፍ ነበር ሕጉ። በጥቂት ቀን ውስጥ ማይክ ቲግ የተባለ ሰው አገኘው። በዚያው ወር ማት ስተም የተባለ ሌላ ሰው ጨዋታውን "ጂኦካሺንግ" ብሎ ሰየመው፤ "ጂኦ" ማለት በግሪክ ምድር ሲሆን፣ "ካሽ" ከፈረንሳይኛ የመጣ ሆኖ የተሸሸገ ስንቅ ወይም ዕቃ ማለት ነው። ጀረሚ አይሪሽ የተባለ ወጣት በሴፕቴምበር 2 ቀን ሣጥኖቹን የሚመዘግብ ድረ ገጽ ሲከፍት የታወቁት ሣጥኖች 75 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን ይበልጣሉ። የባቄላውም ቆርቆሮ በኋላ ተገኝቶ ተጫዋቾቹ እንደ ቅርስ ያዩታል፤ ሰው የሚያከብረውን ነገር ሲመርጥ መለኪያው ዋጋው ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

እንግዲህ ሰው ቀላሉን ከፈጸመ በኋላ አስቸጋሪውን መፈለጉ የተለመደ ነው። ከመንገድ ዳር የተጀመረው ጨዋታ ወደ ተራራ፣ ወደ ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ ዋሻና ወደ ተተወ የማዕድን ጕድጓድ ገባ። ተጫዋቾቹ የሣጥኑን ስፍራ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5 በሆነ ቍጥር ይመዝኑታል፤ ገመድ፣ ጀልባ ወይም ሌላ ልዩ መሣሪያ የሚያስፈልገው 5 ይባላል፤ ከዋሻዎቹም አያሌዎቹ በዚህ ውስጥ ይቈጠራሉ።

እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ይገጥመናል። ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት እጅግ ደካማ ነው፤ ድንጋይን ሰንጥቆ አይገባም። ስለዚህ ያ ሁሉ ረቂቅ የሰማይ መሣሪያ የሚያገለግለው እስከ ዋሻው አፍ ብቻ ነው። ፈላጊው ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ እንደ ገባ በእጁ ያለው መሣሪያ ይደነግጣል፤ ቍጥሮቹ ይዋልላሉ፤ በመጨረሻም ዝም ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የሸሸገው ሰው በጻፈው ቃል ብቻ የሚታወቅ ነው፤ በግራ በኩል ያለውን ጠባብ ቀዳዳ፣ ሁለተኛውን ዐምድ፣ ከውኃው ማዶ ያለውን መደብ እያለ ይመራል። ይህም ማለት ፈላጊው በአንድ እርምጃ ከሳተላይት ዘመን ወጥቶ ወደ መዳቡ ጥቅል ዘመን ይመለሳል ማለት ነው። የዋሻ ጨለማ ደግሞ የሌሊት ጨለማ አይደለም። በሌሊት ኮከብ አለ፤ ዓይንም ጥቂት ቈይቶ ይለምዳል። በዋሻ ውስጥ ግን ዓይን ስንት ሰዓት ቢጠብቅ የገዛ እጁን አያይም። ስለዚህ ዋሻ የሚያውቁ ሰዎች እያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራት ሳይዝ እንዳይገባ፣ ብቻውንም እንዳይሄድ፣ የሚመለስበትንም ሰዓት በውጭ ላለ ሰው ሳይነግር እንዳይወርድ አጥብቀው ያስተምራሉ።

ዋሻ ግን ቢያንስ ተፈጥሮ በብዙ ሺህ ዓመት ያቆመችው ቤት ነው። የተተወ የማዕድን ጕድጓድ የከፋ ነው፤ ሰው ለጥቂት ዓመት ጥቅም ቸኵሎ የሠራውና ጥቅሙ ሲያልቅ ጥሎት የሄደው ነውና። የደገፈው እንጨት ይበሰብሳል። ወለል መስሎ የሚታየው ሳንቃ ከሥሩ ጥልቅ ጕድጓድ ሊኖር ይችላል፤ ኩሬ መስሎ የሚታየውም ውኃ እንዲሁ። ከሁሉ የሚብሰው አየሩ ነው። አየር በማይዘዋወርበት ጕድጓድ ውስጥ የምንተነፍሰው ኦክስጅን እያነሰ ሌላው የማይጠቅመው አየር ይበዛል፤ ይህም ሽታ ስለሌለው የገባው ሰው አደጋውን የሚያውቀው ጕልበቱ ሲከዳው ነው። በአንዳንዱም ማዕድን ቈፋሪዎች ረስተውት የሄዱት ድማሚት ይገኛል፤ ድማሚትም በእርጅና ብዛት የሚያወጣው ፈሳሽ በትንሽ ንክኪ ሊፈነዳ ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት የማዕድን ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሕፃናትና ጐብኚዎች ወደ ተተዉ ጕድጓዶች እንዳይገቡ ከ1999 ጀምሮ ልዩ የማስጠንቀቂያ ዘመቻ ማካሄዱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የማዕድን ጕድጓድ ሌላም ጠባይ አለው፤ ካርታው ከእርሱ በፊት ይሞታል። በጁላይ 24 ቀን 2002፣ በፔንሲልቫንያ ግዛት ኩዊክሪክ በሚባል የከሰል ማዕድን ዘጠኝ ሠራተኞች ሲቈፍሩ፣ ገና ሩቅ ነው ብለው ያሰቡትን የተተወ ጕድጓድ ግድግዳ ጣሱት፤ ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመውም ውኃ በላያቸው ተለቀቀ። የያዙት የአሮጌው ጕድጓድ ካርታ የመጨረሻው አልነበረም። ከ77 ሰዓት በላይ ከምድር በታች ከቈዩ በኋላ፣ ከላይ በተቈፈረ ጠባብ ቀዳዳ ዘጠኙም በሕይወት ወጡ። እነዚህ ሰዎች ማዕድን ቈፋሪዎች ነበሩ፤ ኑሯቸውም ይኸው ነበር። በሥራው ያደጉት ሰዎች እንዲህ ከተሳሳቱ፣ በእሑድ ቀን ለመዝናናት የመጣው ፈላጊ እንዴት ሊሆን ነው? በጁን 2018 በፕራግ ከተማ ሣጥን ሊፈልጉ ወንዝ ወደሚያልፍበት የምድር ውስጥ ቦይ የገቡ ሰዎች፣ በውጭ በድንገት የጣለው ዝናብ ጐርፍ ሆኖ ደርሶባቸው ሁለቱ ሞቱ። ከላይ ሰማዩ መጥቈሩን ከታች ያለ ሰው ሊያይ አይችልም።

እስካሁን የተናገርነው ፈላጊው በራሱ ላይ ስለሚያመጣው አደጋ ነው። ሰው ዐውቆ በገዛ ነፍሱ ላይ የሚያደርገውን ነገር መከልከል እስከ ምን ድረስ ይገባል የሚለው ክርክር ረጅም ስለ ሆነ አንገባበትም። ፈላጊው በዋሻው ላይ የሚያመጣው ጕዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በፌብሩዋሪ 2006 በኒው ዮርክ ግዛት ሆው በሚባለው ዋሻ አንድ ጐብኚ የሌሊት ወፎችን ፎቶግራፍ አነሣ። በፎቶግራፉ ላይ የወፎቹ አፍንጫ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የበረዶ ወራት ሊቃውንት በዚያው አካባቢ ባሉ ዋሻዎች ደጃፍ ላይ ብዙ የሞቱ የሌሊት ወፎች አገኙ። ነጩ ነገር ሻጋታ ነበር። በዚያ አገር የሌሊት ወፍ በበረዶ ወራት የሚበላው ነፍሳት ስለማያገኝ፣ በሞቃቱ ወራት ያከማቸውን ስብ በጥቂት በጥቂቱ እየተጠቀመ በዋሻ ውስጥ ሰውነቱን አቀዝቅዞ ይተኛል። ሻጋታውም ቅዝቃዜን የሚወድ ነውና በተኛበት ያገኘዋል፤ ቆዳውን እየበላ ያነቃዋል። በነቃ ቍጥር ስቡ ይነድዳል፤ ስንቁም ከወራቱ በፊት ያልቃል፤ በመጨረሻ ተርቦ በቀን ብርሃን ወደ በረዶው ወጥቶ ይሞታል። እስከ 2012 ድረስ የሞቱት ከ5.7 እስከ 6.7 ሚሊዮን እንደሚደርሱ የአሜሪካ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ገመተ።

ሻጋታው ከኤውሮጳ እንደ መጣ ይታመናል፤ የኤውሮጳ የሌሊት ወፎች ለምደውት አይሞቱበትምና። በሽታው ከወፍ ወደ ወፍ ይተላለፋል፤ ነገር ግን የሻጋታው ዘር በጫማ ጭቃ፣ በልብስና በገመድ ተይዞ ከዋሻ ወደ ዋሻ ሊጓዝ ይችላል። ሣጥን ፈላጊ ደግሞ ምንድር ነው? በአንድ ቀን ሦስት ዋሻ ለመግባት የሚመኝ ሰው ነው። በማርች 2009 መንግሥት ሰዎች በሽታው በገባባቸው ግዛቶች ወደ ዋሻ እንዳይገቡ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት የደን መሥሪያ ቤቱ በምሥራቁ ክፍል ያሉትን ዋሻዎቹንና የተተዉትን የማዕድን ጕድጓዶች ዘጋ። የሌሊት ወፍ በየሌሊቱ እህል የሚያጠፉትን ነፍሳት ይለቅማልና፣ ለአሜሪካ እርሻ የሚሰጠው ጥቅም በዓመት ከ3.7 እስከ 53 ቢሊዮን ዶላር እንደሚሆን በ2011 የታተመ ጥናት ገምቷል። በትንሹና በትልቁ ቍጥር መካከል ያለው ርቀት ብዙ ነው፤ ትንሹም ቢሆን ግን ትንሽ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ ከዚያ በፊት በለሆሳስ ይካሄድ የነበረ ክርክር ወደ አደባባይ ወጣ። በዋሻ መርማሪዎች ዘንድ ከቀድሞ ጀምሮ የቈየ ልማድ አለ፤ ይኸውም የዋሻን ስፍራ ለማያውቁት ሰው አለመንገር ነው። በዋሻ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው የድንጋይ ጌጥ በውኃ ጠብታ በሺህ ዓመታት ያደገ ስለ ሆነ፣ አንድ ሰው ለመታሰቢያ ብሎ የሰበረውን የሚተካ የለም። በ1988 የወጣው የአሜሪካ የዋሻ ጥበቃ ሕግም ይህንኑ ልማድ አጸና፤ በመንግሥት መሬት ላይ ያሉ ታላላቅ ዋሻዎች የሚገኙበትን ስፍራ የመንግሥት ሠራተኞች ያለ በቂ ምክንያት ለሕዝብ እንዳይገልጹ ከለከለ። የጂኦካሺንግ ሥራ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስፍራን እስከ ጥቂት ሜትር ድረስ በቍጥር ለዓለም ሁሉ ማሳወቅ ነው። ሕጉ የሚሸሽገውን ጨዋታው ያውጃል። የሚገርመው ነገር ይህ ነው፤ ዋሻ ውስጥ የተሸሸገው ሣጥን ማንንም አይጎዳም፤ ጕዳቱ ያለው በቍጥሩ ላይ ነው። ሣጥኑን በአንድ ቀን ማውጣት ይቻላል፤ አንድ ጊዜ የታወጀን ቍጥር ግን ማን ይመልሰዋል?

ለተጫዋቾቹ ግን ፍርድ እናጓድልባቸው ዘንድ አይገባም። ብዙዎቹ ሣጥን ሊፈልጉ ሲሄዱ ሌሎች የጣሉትን ቈሻሻ ለቅመው ይመለሳሉ፤ ከ2002 ጀምሮም ለዚሁ የተለየ ቀን አላቸው። ደግሞ ዋሻን የሚያውቀው ሰው ጥቂት በሆነ ጊዜ፣ አንድ ባለ ድንጋይ ፋብሪካ ቢያፈርሰው የሚጮኽለት እንደማይኖር የሚናገሩትም እውነት አላቸው። በ2004 ከአሜሪካ የሥነ ምድር ማኅበር ጋራ ሆነው ሣጥን የሌለበትን ፍለጋ ጀመሩ። በዚህኛው ፈላጊው የሚያገኘው ዕቃ የለም፤ ስፍራው ድረስ ሄዶ ስለ ድንጋዩ አፈጣጠር የቀረበለትን ጥያቄ ይመልሳል። ሣጥን መቅበር ክልክል በሆነባቸው በብሔራዊ ፓርኮች እንኳ ባለሥልጣኖቹ ከፈቀዱ ይህ ይደረጋል። አስተማሪዎች ይህን ቢመለከቱት ደስ ይለናል፤ ለደብተር ብቻ የሚሆን ትምህርት በእግር ሲገኝ አይረሳምና።

በአገራችንስ? ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ ብዙ ተጽፏል። በባሌ የወይብ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ይህ ዋሻ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሲሆን፣ ስፍራው ከጥንት ጀምሮ የታወቀና ሰዎች ለበዓል የሚሰበሰቡበት ስለ ሆነ፣ ቍጥሩን መግለጽ የሚያመጣው አዲስ ነገር የለም። አድራሻውን ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠባቂዎቹም እነዚያው የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። በሌሎች ስፍራዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው። አባቶቻችን በጦርነት ዘመን ታቦትንና መጻሕፍትን በዋሻና በደሴት ሲሸሽጉ ቦታውን ለጥቂት ታማኞች ብቻ ይነግሩ ነበር፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በአፍ ሲተላለፍ ቈይቷል። የመዳቡን ጥቅል የጻፈው ሰው ይህ ልማድ ቢኖረው ኖሮ ምናልባት ወርቁ ባልጠፋም ነበር።

ከዋሻዎቻችንም አንዱ ዕቃ ሳይሆን ሰው የተሸሸገበት ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚባለው ስፍራ፣ አመጸኛ ዋሻ ተብሎ በሚጠራው ዋሻ ውስጥ፣ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ቤተ ሰቦች፣ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና ቍስለኞች ተጠግተው ነበር። የኢጣልያ ጦር ዋሻውን ከቦ በመርዝ ጋዝ መታው። ይህ መርዝ በ1925 በዤኔቭ በተፈረመው ውል የተከለከለና ኢጣልያም ፊርማዋን ያኖረችበት ነበር። በሌሊት ያመለጡ ጥቂቶች ናቸው፤ ወጥተው እጃቸውን ከሰጡት ውስጥ ወንዶቹ ተረሸኑ። ከዚያ ወዲያ ዋሻው ለብዙ ዘመን የአካባቢው ሰው ብቻ የሚያውቀው ሆኖ ኖረ። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ ጸሐፊ በ2006 በኤውሮጳ አቈጣጠር ነገሩን ለዓለም ገለጸ፤ በኋላም ከእስፓኝና ከኢትዮጵያ የመጡ የሥነ ቅርስ ተመራማሪዎች ዋሻውን መርምረው በ2011 ጥናታቸውን አሳተሙ። ያገኙትም የሰው ዐፅም፣ የጥይት ቀለህ፣ የሸክላ ስባሪ፣ ቅርጫትና የእህል ማስቀመጫ ነበር። ከቤታቸው ይዘዋቸው የገቡት ዕቃዎች ሰባ ዓመት ያህል በጨለማው ውስጥ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

የወጣቱን ጓደኛችንን ካርታ መልሰን ባየነው ጊዜ መጀመሪያ የፈለግነው በዚህ ዋሻ ላይ ምልክት መኖር አለመኖሩን ነበር። እርሱም ለምን እንደ ጠየቅነው ሲሰማ ስልኩን ዘግቶ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያም፣ "ጋሼ፣ እኔስ እንኳን ሣጥን ልቀብርበት፣ ይህን ስፍራ መኖሩንም አላውቅም ነበር" አለን። እኛም ስናውቀው ብዙ አልቈየንም። ወደዚያ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው የአካባቢውን ገበሬዎች ቢጠይቅ ያደርሱታል፤ የዋሻውን ቍጥር ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አላገባነውም።